ጥጥ ያበቀለው ብርቱካን

ከሰቆጣ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን የተሻገረ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት አረንጓዴ ነገር የእኔ ጓሮ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ድንጋይና ቁርቁራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በቦዩ ዳር የተደረደረው ብርቱካን ሁሉ ደግሞ ከእኔ ጓሮ የወጣ ነው። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ለመኩራራት ነው። ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ አሁን ያልኮራሁ መቼ ልኮራ ነው?

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ቤታችን የሚነገረው ኽምጥኛ ነበር፤ አማርኛን ከገበያ ለቀምኩት። ፊደል የለየሁት ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድንጋይ ስፈልጥ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች የሚጮኹትን እሰማ ነበር። አንድ የተቀደደ የፊደል ገበታ ሲጥሉ አነሳሁና በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል እየገለበጥኩ ሦስት ክረምት ተለማመድኩ። ዛሬ የቀበሌ ማስታወቂያ ሲለጠፍ እንዳነብላቸው ወደ እኔ የሚመጡ ጎረቤቶች አሉኝ። የተማሩ ልጆች አሏቸው፤ ልጆቹ ግን ከፊሎቹ ዓረብ አገር፣ ከፊሎቹ ባሕር ዳር ናቸው። እኔ እዚሁ ነኝ።

ብርቱካን በሎሚ ግንድ ላይ ቢዳቀል ቶሎ እንደሚያፈራ የሰማሁት ከራዲዮ ነው። ራዲዮው እንዴት እንደሚዳቀል ሳይናገር ወደ ዜና ገባ፤ የቀረውን እኔ ጨረስኩት። በምላጭ እየሰነጠቅኩ፣ በላስቲክ እያሰርኩ ስድስት ጊዜ ደረቀብኝ። ሰባተኛው ያዘ። ያ ሰባተኛው ዛሬ እናት ዛፍ የምለው ነው፤ በቦዩ ዳር ያሉት ብርቱካኖች በሙሉ ከእሱ ተቆርጠው የተዳቀሉ ናቸው። ቦዩ ሳይጠለፍ በፊት ሁለት በጋ ሙሉ ከወንዝ ውሃ በጀርባዋ እያመላለሰች ያጠጣችው ባለቤቴ ናት። እሷ ካረፈች ቆይታለች። ያ ዛፍ ሲነካ እሷ የተነካች የሚመስለኝ ለዚህ ነው።

ቦዩ ሲጠለፍ የውሃ አባት አድርገው መረጡኝ። የውሃ አባት ማለት ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅ የሚወስን ሰው ነው። ቃሌ ይከበራል። እንግዲህ ሁለት ስም ነበረኝ፤ የውሃ አባትና የብርቱካን አባት። ለአንድ ድንጋይ ፈላጭ ይህ ትንሽ አይደለም።

ከጓሮዬ ቀጥሎ ያለው የአማቼ ጓሮ ነው። ልጄ የእሱን ልጅ አግብታለች፤ ሁለቱም ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር ናቸው። ሲደውሉ ለሁለታችንም በአንድ ስልክ ይደውላሉ፤ በእሱ ስልክ። እኔ ጫማዬን አድርጌ አጥር ዞሬ ሄጄ የልጄን ድምፅ ከእሱ እጅ እቀበላለሁ። በሰው ፊት እርስዎ እንባባላለን። በልቤ ግን ሁልጊዜ አንተ እለው ነበር።

አማቼ ንብ አርቢ ነው። የእኛ አገር ማር ነጭ ነው፤ የእሱ ደግሞ ከነጭም ነጭ። ነጋዴዎች በመኪና ይመጡለታል። የእኔን ብርቱካን የሚበላው የሰፈር ሰው ነው፤ የእሱን ማር ግን መልኩን የማያውቁ ሰዎች አዲስ አበባ ተቀምጠው ያመሰግኑታል። ያበገነኝ ይህ ብቻ አይደለም፤ ሳይደክም ማግኘቱ ነው። እኔ በማለዳ ተነስቼ ስኮተኩት፣ ስገርዝ፣ ፍግ ስበትን እሱ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የቀፎ አፍ ያያል። ምን እንደሚያይ አንድ ቀን ብጠይቀው፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ነው አለኝ። ይህም ሥራ ሆኖ!

ለልጆቻችን ሠርግ አራት የብርቱካን ችግኝ ሰጥቼው ነበር። ቀፎዎቹ አጠገብ ተከላቸው። አንድ ቀን ገርዟቸው አያውቅም፤ እንደ አጋም ተንዠርግገው አደጉ። ፍሬያቸው ግን፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጣፋጭ ነበር። ሰዎች ንቦቹ ናቸው ያጣፈጡት ይሉ ነበር። ያዳቀልኩት እኔ፣ የተመሰገኑት ንቦች።

ቅናት እንደ ምስጥ ነው፤ ግንዱ ሲወድቅ ነው የሚታወቀው። እኔም ያን ጊዜ ቅናት ነው አላልኩም። በዚህ አገር ማንም የሌለው አንድ ነገር ያስፈልገኛል ብዬ ብቻ አሰብኩ። ቆላ ከተማ የሚኖር ዘመድ አለኝ፤ እሱን ልጠይቅ ብዬ ሄድኩና እዚያ ካለ ችግኝ ጣቢያ ፍሬው የእጄን ጭብጥ የሚያህል፣ ዘር የሌለው ብርቱካን አገኘሁ። ስድስት ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኜ አመጣሁ። በየመናኸሪያው እየወረድኩ ውሃ እረጭባቸው ነበር። አንዱን ቅጠል ገልበጥ ሳደርገው ነጭ ብናኝ አየሁ። የመንገድ አቧራ ነው አልኩ። የመንገድ አቧራ ከቅጠል ሥር እንደማይቀመጥ የማውቅ ሰው፣ ያን ቀን አላወቅኩም።

ችግኞቹን እናት ዛፉ ጥላ ሥር ተከልኳቸው። በቀጣዩ በጋ ብናኙ ጥጥ ሆነ። ቅጠሉን ስትገለብጠው የተባዘተ ጥጥ የተለጠፈበት ይመስላል፤ በጣትህ ስትነካው እንደ ማር ይጣበቃል። ቅጠሉን ስትነቀንቀው ከዱቄት ቅንጣት የማይበልጡ ነጫጭ ዝንቦች ይበናሉ። ከዚያ ጉንዳን መጣ፤ የሚንጠባጠበውን ሊልስ። ከዚያ የቅጠሉ ፊት እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቆረ። ከችግኞቹ ወደ እናት ዛፍ ወጣ፤ ከእናት ዛፍ አጥር ተሻገረ።

ለማንም አልነገርኩም። የብርቱካን አባት ዛፉ ታመመ አይባልም። ጎረቤት ሳይነሳ ጥጥ ያለበትን ቅጠል እየለቀምኩ በጉድጓድ አቃጥል ነበር። ከቅጠሎቹ አንዳንዶቹ ላይ ጥጡ ደርቆ፣ ከሥሩ የነበረው እንደ ቅርፊት ያለ ትንሽ ነገር ጠቁሮ፣ ጀርባው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አየሁ። በሽታው እስከ መብሳት ደርሷል ብዬ እነዚያን ከሁሉ አስቀድሜ አቃጠልኳቸው። ይህን ነገር አንባቢዬ ይያዝልኝ።

ጥጡ በቦዩ ዳር ሁሉ ሲታይ ሰዎች ወደ እኔ መጡ። ከየት መጣ ብለው አልጠየቁኝም፤ ምን ይሻለዋል ብለው ነው የጠየቁኝ። እኔም መድኃኒቱን አውቃለሁ አልኩ። የማላውቀውን ነገር አላውቅም ብዬ አላውቅም ነበር። ከገበያ ፀረ ተባይ ገዛሁ፤ በጀርባ የሚታዘል መርጫም ገዛሁ። በሰፈሩ የመጀመሪያው መርጫ እሱ ነው። በትከሻዬ አዝዬው ስሄድ የሆነ ሹመት የተሰጠኝ ይመስለኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሊረጭ ያሰበ ሰው ንብ ላለው ጎረቤቱ ከዋዜማው ይነግራል። ሄጄ ነገርኩት። አማቼ እንደ ልማዱ ድንጋዩ ላይ ነበር።

«አማቼ፣ ነገ እረጫለሁ። ንቦችዎን ይዝጉ» አልኩት።

«ነገ ብቻ ነው?»

«ነገም፣ ከዚያም በየሳምንቱ። የእርስዎንም ዛፎች እረጭልዎታለሁ።»

«ንብ በየሳምንቱ አይታሰርም። እስረኛ ማር አይሠራም» አለ። «የእኔን ይተዉልኝ።»

«እንግዲያው ማርዎን ይላሱ። ብርቱካን ላሰቡለት ሰው ነው።»

ቀና ብሎ አየኝና፣ «ዛፎቹን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ቢሞቱም የእርስዎ ዛፎች ናቸው የሚሞቱት» አለኝ። በሳቅ ነው ያለው። እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ሳላምጠው ከረምኩ።

ረጨሁ። ዝንቡ እንደ ዱቄት ረገፈ። ሰው ተሰብስቦ አየ፤ መረቁኝ። አማቼ ንቦቹን ዘግቶ ዋለና ማታ ከፈተላቸው። ወር ሳይሞላ ጥጡ ተመለሰ፤ ከበፊቱ ወፍሮ። ደግሜ ረጨሁ። ደግሞ ተመለሰ። በእኔ ምክር የረጩት ሁሉ እንደ እኔ ሆኑ። የአማቼም ዛፎች ያን ሰሞን በጥጥ ተሸፍነው ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ያን ሳይ ደስ አለኝ። ከእኔ የባሰ አለ ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ። የገዛ አማቼ፣ የልጅ ልጆቼ አያት፣ እኔው ባዳቀልኩት ዛፍ።

ደስታዬ እስከ ሚያዝያ ቆየ። በሚያዝያ የአማቼ ዛፎች አዲስ ቅጠል አወጡ፤ ንጹሕ፣ አብረቅራቂ ቅጠል። አንድም ጊዜ ሳይረጭ፣ አንድም ቅጠል ሳይለቅም። የእኔ እናት ዛፍ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው ቅርንጫፉ መድረቅ ጀምሯል።

በዚያው ሰሞን አዲስ የግብርና ባለሙያ ለቀበሌያችን ተመደበች፤ ወጣት ናት። ጓሮዬ ገብታ እናት ዛፉን ዞራ አየች። ስንት ጊዜ እንደረጨሁ ጠየቀችኝ። ስድስት ጊዜ አልኳት፤ ደረቴን ነፍቼ። በደብተሯ ጻፈችው። ከዚያ አጥር ተሻግራ አማቼ ጋር ገባችና ከዛፉ ሥር ግማሽ ቀን ቆየች። ቅጠል እየገለበጠች በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፤ እሱ እያሳያት ትስቃለች። እኔ ቦዩ ላይ ሆኜ ዶማዬን ተደግፌ አያለሁ። በሳምንቱ ገበያ ሦስት ሰዎች የአማቼ ዛፍ እንዴት ዳነ ብለው ጠየቁኝ። እኔን! ሄዳችሁ እሱን ጠይቁ አልኳቸው፤ ደግሞ ሄደው ጠየቁት። እንዲያውም አንዱ፣ የብርቱካን አባትነት ወደ ጎረቤት ሊዛወር ነው መሰል ብሎ ከኋላዬ ሲቀልድ ሰማሁ።

የሚቀጥለውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ካልጻፍኩት ሌላው ሁሉ አይታመንም። የውሃ አባት ነኝ። የአማቼ ተራ ረቡዕ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ነበር። ወንዙ ቀንሷል ብዬ ግማሹን ቆረጥኩበት። ወንዙ ቀንሶ ነበር፤ ነገር ግን የሌላ የማንንም አልቆረጥኩም። አማቼ መጣ፤ ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ የተዘጋውን ጭቃ አየ፤ እኔን አየ። «ደህና» ብሎ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ረቡዕ ረቡዕ የጎደለውን ውሃ ለዛፎቹ ከወንዝ በጀሪካን ሲቀዳ አየው ነበር፤ በስተርጅናው፣ በጀርባው። ያ ሸክም ማንን እንዳስታወሰኝ መናገር አያስፈልገኝም። ቢሆንም አልመለስኩለትም።

ክረምቱ አለቀ። አማቼ የደበቀው መድኃኒት አለ ብዬ አምኜ ነበር። ባለሙያዋ በድብቅ ሰጥታዋለች፤ አለዚያ ማር ይቀባዋል፤ አለዚያ በቀፎ ጭስ ያጥነዋል። አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ለቅዳሴ ሲሄድ ለጎረቤቱ ሁሉ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አጥሩን ተሻግሬ ገባሁና ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጣሁ። ቅጠል ገለበጥኩ። ጥጡ አለ፤ ግን የደረቀ፣ የአሮጌ ፍራሽ ጥጥ የመሰለ። ከሥሩ ያው የጠቆረ ቅርፊት። ጀርባው ላይ ያው ክብ ቀዳዳ። ያ እኔ በመጀመሪያ ያቃጠልኩት። አሸተትኩት፤ ማርም፣ ጭስም፣ መድኃኒትም አይሸትም።

«ሆድ የሚያማቸው ሰዎች እንዲህ ከፍ ብለው ይወጣሉ?»

አማቼ ነበር። ድንጋዩ ላይ። አንድ ቀፎ ሊሰደድበት ስለሆነ እሱም ከቅዳሴ ቀርቶ ነበር። እኔ ስገባም፣ አጥሩ ላይ ልብሴ ሲያዝም፣ ስወጣም እያየኝ ነበር። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

«መድኃኒቱን ይንገሩኝ» አልኩት። ሌላ የምለው ጠፋኝ።

«የቱን መድኃኒት?»

«ያዳኑበትን ነዋ። አማች አይደለን?»

«ምንም አላደረግኩም» አለ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቃል ያቃጠለኝ የለም። መድኃኒት ደብቄአለሁ ቢለኝ እሰርቀው ነበር። ደክሜ ነው ያገኘሁት ቢለኝ እበልጠው ነበር። ምንም ያላደረገ ሰውን በምን ትበልጠዋለህ?

ፊቴን አይቶ ይመስለኛል፣ ተነስቶ መጣና አንድ ቅጠል በፀሐይ ላይ ያዘልኝ። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። «አይቸኩሉ» አለኝ። ቆይቶ ከጥጡ ላይ አንዲት ነገር ስትንቀሳቀስ አየሁ። ቢጫ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች፣ ተርብ እንኳ ለመባል የማትበቃ ተርብ። ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ በግንባሯ እየዳሰሰች ትሄዳለች፤ አንዱ ላይ ትቆማለች፤ ቂጧን ታስጠጋለች፤ ትሄዳለች።

«የምትቆምበት ይጠቁራል። የጠቆረው ይበሳል። ከተበሳው እሷን የመሰለች ትወጣለች» አለ። «እኔ የማውቀው ይህን ነው። የሚገባውንና የሚወጣውን ነው ያየሁት።»

ያን ቅጠል ሳልሰናበተው ይዤ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ በማር ብርጭቆ አደረግኩት፤ አፉን በነጠላ ቁራጭ አሰርኩ። አንዱን መነጽር በሌላው ላይ ደርቤ ጠዋት ጠዋት አየሁ። በአምስተኛው ቀን ብርጭቆው ውስጥ ዘጠኝ ቢጫ ነጥቦች ይሄዱ ነበር። ማንም ሳያስተምረኝ፣ በማር ብርጭቆ ይህን ያረጋገጥኩ እኔ ነኝ። ብርጭቆውን በጋቢዬ ሸፍኜ የባለሙያዋ ቢሮ ወዳለበት ሰቆጣ በእግሬ ወጥቼ አሳየኋት።

«አባባ፣ ይህን ማን አሳየዎት?» አለችኝ።

«ራሴ ነኝ» አልኩ። የአማቼ ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አላወጣሁትም።

እሷም አስረዳችኝ። ነጭ ዝንቡ ከውጭ የመጣ ተባይ ነው፤ ጥጡ የልጆቹ ልብስ ነው። ይህች ተርብ የተፈጥሮ ጠላቱ ናት። እንቁላሏን ከዝንቡ ልጅ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ የእሷ ልጅ ያን ውስጥ ለውስጥ በልታ ቅርፊቱን በስታ ትወጣለች። መድኃኒት ሲረጭ ዝንቡ ከፊሉ ይሞታል፤ ተርቧ ግን ፈጽማ ትጠፋለች፤ የተረፈው ዝንብ ቶሎ ሲራባ የሚከለክለው አያገኝም። ጉንዳኑም ለሚልሰው ጣፋጭ ብሎ ተርቧን ያባርራታል። ዝንቡ በችግኝ ከመጣ ተርቧም አብራ ሳትመጣ አትቀርም አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ መጀመሪያ ሲታይ የተበሳ ቅርፊት የትም ቦታ አይተው ነበር?

«አይቻለሁ። ጓሮዬ።»

«ምን አደረጉት?»

«አቃጠልኩት» አልኳት። አንገቷን ደፋች። እኔም።

የተረፈው መንገድ አንድ ነው አለች። የጠቆረ ነገር ግን ገና ያልተበሳ ቅርፊት ያለበት ቅርንጫፍ ከጤነኛው ዛፍ ቆርጦ የታመመው ላይ ማሰር። ይህ ከተደረገ እናት ዛፉ ለመዳን ተስፋ አለው፤ ካልሆነ ግን እስከ ፋሲካ አይቆይም። ለሌላ እሑድ አጥር ልዘል አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። ግን የተበሳውን ካልተበሳው የሚለየው የእኔ ዓይን አይደለም፤ የእሱ ነው። የተበሳውን ብሰርቅ ባዶ ቤት መስረቅ ነው።

ጥቅምት ላይ ክረምቱ በደለል የሞላውን ቦይ ልንጠርግ ሁላችንም አካፋና ዶማ ይዘን ወጣን። በእኛ ቦይ አንድ ደንብ አለ። ጠረጋው ሲያልቅ የውሃ አባት ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ውሃ የተበደለ አለ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። የተበደለ ካለ ይናገራል፤ ሳይታረቅ ውሃ አይለቀቅም። ከሦስት ጊዜ በኋላ ዝም ያለ ግን ለዘለዓለም ዝም ብሏል። በእኔ ዘመን ማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ይህም አንዱ ኩራቴ ነበር።

«ውሃ የተበደለ አለ?» አልኩ።

አማቼ ከዶማው ላይ ጭቃ በእንጨት ይፍቅ ነበር።

«ውሃ የተበደለ አለ?»

አንዱ ሳል አለ። ሁሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሰው ሁሉ ቦዩን ያያል፤ እኔ ብቻ ማንም የማያየኝ መስሎኝ ነበር። አማቼ አሁንም ይፍቃል። ሦስተኛውን ብጠይቅና ዝም ቢል ነገሩ አለቀ፤ ማንም አይጠይቀኝም። ውሃውን እለቅቃለሁ፤ ስሜን ይዤ እቤቴ እገባለሁ። ስሜን ይዤ የደረቀ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ።

ሦስተኛውን አልጠየቅኩም። «አለ» አልኩ። «አማቼ ተበድለዋል። ግማሽ ተራቸውን የቆረጥኩት ወንዙ ቀንሶ ሳይሆን ዛፋቸው ስለዳነ ነው። ጥጡንም ወደዚህ አገር ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በችግኝ።»

አንድ ሽማግሌ፣ እኛ ደግሞ የሰማይ ቁጣ ነው ብለን ስንት ቀን ምህላ ያዝን አለ። ሰው ሳቀ። እኔም መሳቅ ፈልጌ አልሆነልኝም።

«ካሣ የሚገባው የተበደለ ነው» አልኩት አማቼን። «እኔ ግን በዳይ ሆኜ የምለምነው አለኝ። ቅርንጫፍ ይስጡኝ፤ ያልተበሳውን እየለዩ። ዛፉ የማን እንደሆነ ያውቃሉ።»

ባለቤቴን ያውቃት ነበር። ውሃ ስታመላልስ አይቷል፤ ሁላችንም ወጣት ሳለን። ዶማውን መሬት ላይ አቆመ።

«እሰጣለሁ» አለ። «መርጫውን ግን ይስጡኝ።»

ያ መርጫ በሰፈሩ የመጀመሪያው መሆኑን ተናግሬአለሁ። ከቤቴ አምጥቼ በሰው ፊት አስረከብኩት። ከዚያ የጭቃውን መዝጊያ በእጄ አፈረስኩ፤ የመጀመሪያው ውሃ ወደ አማቼ ሄደ።

በማግሥቱ ፀሐይ ሳይበረታ መጣ። ቅርንጫፎቹን በእንቅብ አድርጎ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ፣ የንብ መንጋ እንደሚያዛውር ሰው ቀስ ብሎ። እኔ መሰላሉን ያዝኩ፤ እሱ አሰረ። በሕይወቴ ገና በዚያ ቀን ነው እኔ መሰላል ይዤ ሌላ ሰው ከእኔ ዛፍ ላይ የወጣው። ሲጨርስ ከግንዱ ዙሪያ ጉንዳን እንዳይወጣ ጨርቅ ጠምጥመን ያረጀ የወፍጮ ዘይት ቀባነው፤ ይህ የእኔ ሐሳብ ነው። ከዚያ ወርዶ አንድ ድንጋይ አንከባሎ አመጣና ከዛፉ ፊት አስቀመጠው።

«ከዚህ በኋላ ሥራዎ ይህ ነው» አለኝ። «ይቀመጡ።»

ከድንጋይ መፍለጥም፣ ቦይ ከመጥለፍም ይልቅ የከበደኝ ያ ሥራ ነው። ጥጡ እያየኝ፣ እጄ እያሳከከኝ፣ ምንም ሳላደርግ መቀመጥ። በኅዳር ምንም አልነበረም። በታኅሣሥ አንድ የጠቆረ ቅርፊት አየሁ፤ በጥር ቆጥሬ መጨረስ አቃተኝ። በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው የዛፉ ግማሽ ደርቆ ቀረ፤ በመጋዝ ቆረጥኩት። ሌላው ግማሽ በመጋቢት ቅጠል አወጣ። ሰዎች አሁን ቅርንጫፍ ሊወስዱ ወደ አማቼ ይሄዳሉ፤ የብርቱካን ሐኪም ብለውታል። ሲጠሩት ስሰማ አሁንም እዚህ፣ ከደረቴ ሥር፣ የሚነክሰኝ ነገር አለ። እሱ ግን ሐኪሟ ተርቧ ናት ይላቸዋል፤ ያመጣት ደግሞ የእኔ አማች ነው ይላል። እንዲህ ሲል ደግሞ እንዴት እንደምጠላው።

እንግዲህ በዕድሜዬ የሠራሁትን ለሚያነብ ሁሉ እዚህ እቆጥራለሁ፤

ፊደልን ያለ አስተማሪ ለይቻለሁ።

በዚህ ወንዝ ዳር ብርቱካንን በሎሚ ላይ ያዳቀልኩ የመጀመሪያው ሰው ነኝ።

ነጭ ዝንቡን ወደዚህ አገር ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጠላቱንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ስናገር የመጀመሪያውን አልተውም።

ተርቧን በማር ብርጭቆ አስፈልፍያለሁ። ቅጠሉን ያሳየኝ አማቼ ነው፤ ለባለሙያዋ በኋላ ሄጄ ነግሬአታለሁ።

የቆረጥኩትን ውሃ መልሻለሁ፤ ባለፈው በጋ የጎደለበትንም በዚህ በጋ ከራሴ ተራ ላይ ጨምሬለታለሁ።

የባለቤቴን ዛፍ ግማሹን አትርፌአለሁ።

አንድ በጋ ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ምንም ሳልነካ።

ከተረፈው ግማሽ ዘንድሮ የመጀመሪያዋን ብርቱካን ቆርጬ ለአማቼ ወሰድኩለት። ልጦ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ፤ በላን። ከእርስዎ ብርቱካን ትጣፍጣለች ወይስ የእርስዎ ትበልጣለች ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር። ሳልጠይቀው ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ይህንንም ይቁጠሩልኝ።